ሦስቱ የረኩ ደንበኞች

ጸሐፊዋ በወደቀችበት ክፍል ውስጥ ኢንስፔክተሩን ያስጨነቀው ደሙ ሳይሆን በቦታው የቀረው ዕቃ ነው። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ እንደበራ ነው። ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቷል። የእጅ ቦርሳዋ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዚፑም አልተነካም። ሌባ ቢሆን ከነዚህ አንዱን እንኳ አይምርም ነበር።

"ሌባ አይደለም" አለች ረዳቱ ሳጅን።

"ሌባ ቢሆን ደስ ባለኝ" አለ።

ሌባ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ዕቃ ትቶ ሰው ጥሎ የሄደ ግን ምን ፈልጎ እንደመጣ አይታወቅም፤ የፈለገውን ሳያገኝ ከሄደ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ክፍሉ ያለው በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ከመስኮቱ ሥር የብረት መደርደሪያ። ደሙ ያለው መደርደሪያው ጥግ ላይ ነው። የእንግዳው ወንበር በጎኑ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የውሃ ብርጭቆ አለ፣ አንደኛው ተጠጥቶ ተጋምሷል። እንግዲህ የመጣው ሰው ግባ ተብሎ፣ ተቀመጥ ተብሎ፣ ውሃ የተቀዳለት እንግዳ ነው።

ያገኟት ምድር ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ያላቸው ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ናቸው።

"ሁለት ሰዓት ላይ 'እንደምን አደሩ' ብላኝ ወጣች። ሦስት ሰዓት ላይ የማስታወቂያዬን ጽሑፍ ልጠይቃት ስወጣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሷ መሬት ላይ ናት። የሞተች መስሎኝ ነበር።"

"በመሃል ማን ወደ ላይ ወጣ?"

"ልጄ፣ እኔ ሰው ፎቶ ሳነሳ ጀርባዬ ለመንገዱ ነው። ላይ ጠበቃ አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ። ስንቱን አየዋለሁ?"

ሳጅኗ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሳለች። የተከፈተው የጸሐፊዋ የራሷ ድረ ገጽ ነው። ከላይ በትልቁ "ብዕር ለኪራይ" ይላል፤ ከሥሩ "ሐሳቡ የእርስዎ፣ ጽሑፉ የኔ።" የሥራ ማመልከቻ፣ የመድረክ ንግግር፣ የድርጅት መግለጫ፣ የይቅርታ ደብዳቤ፤ ሰው በራሱ አፍ ሊለው የሚቸግረውን ሁሉ ጽፋ ታስረክባለች፣ ስሟን የትም ሳታስገባ። ወረድ ሲባል "ደንበኞቻችን ምን ይላሉ?" የሚል ርዕስ አለ። ከርዕሱ ሥር ሦስት ጉርድ ፎቶዎች ተደርድረዋል፦ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ሸበቶ ነጋዴ፣ በመካከላቸው ደግሞ ዳማ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፈገግ ያለ ወጣት። ወጣቱ እንዲህ ይላል፦ "በጻፍሽልኝ ማመልከቻ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ አገኘሁ። ዛሬ ሥራም ትዳርም አለኝ። ከልብ አመሰግንሻለሁ።"

"እነዚህ የረኩት ደንበኞች ናቸው" አለች ሳጅኗ።

"የረካ ሰው አይማታም። ያልረካውን ፈልጊልኝ" አለና ገጹን ራሱ ዘጋው።

ባልደረቦቹ "ዶሴ" ይሉታል። አንዴ ያነበበውን መዝገብ አይረሳም እየተባለ ከጣቢያ ጣቢያ ስሙ ቀድሞት ይሄድ ነበር፤ እሱም አይጠላውም። ያን ዕለት ወደ ጣቢያው ሲመለስ መግቢያው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘው። ሰኞ ሰኞ እዚያ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት፣ ፖሊሶቹም "የሰኞዋ እናት" የሚሏቸው ባለጉዳይ አልመጡም። ምን ብሎ እንደሚመልስላቸው ሁልጊዜ ይጨንቀው ስለነበር እፎይ አለ።

* * *

ሆስፒታል ውስጥ ጸሐፊዋ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተደርጎ ተኝታለች። ሐኪሙ "ዛሬም ልትነቃ ትችላለች፣ በሳምንትም፤ ላትነቃም ትችላለች" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ሦስቱንም ለኢንስፔክተሩ ነገረው። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ ቦታዋ ስትሮጥ ስለመጣች ሜትሩ ገና አንገቷ ላይ ነው።

"ጠላት ነበራት?" አላት።

"እሷ? ቀኑን ሙሉ በሰው አፍ ስትናገር የምትውል ልጅ የራሷን ጠብ መቼ ትጣላለች?" አለችና ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። "አንድ ገልባጭ አለ። እሱም ጸሐፊ ነኝ ባይ ነው። ድረ ገጿን እንዳለ ገልብጦ የራሱ አደረገው። 'እከስሃለሁ' ብላው ነበር። ከዚያ ሌላ እኔ እንጃ።"

"ከክፍሉ የጎደለ ነገር ካለ ታውቂያለሽ?"

"ሰማያዊ ደብተሯ አለ ወይ?"

"ደብተር አላየንም።"

እህትየዋ ፊቷ ተለወጠ። "የደንበኞቿ ሁሉ ስምና ስልክ እዚያ ላይ ነው። ኮምፒዩተር አላምንም ትላለች፤ በእጇ ነው የምትጽፈው።" ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። "መጀመሪያ አራት ወር ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልደወለላትም። ሰው ድረ ገጹን ከፍቶ፣ አይቶ፣ ውልቅ ይላል። 'ማንም ያልሞከረውን ማን ይሞክራል?' እያለች ታለቅስ ነበር። በኋላ እነዚያን ሦስት አስተያየቶች ስታስገባ ስልኩ መጮህ ጀመረ። አሁን ሊያልፍላት ነበር እኮ።"

ነርሷ በበሩ ብቅ አለች። "ይቅርታ፣ ቅድም አንዲት ሴት 'ነቃች ወይ?' ብላ በስልክ ጠየቀችኝ። ዘመድ ነኝ አለች።"

"እኛ ሁለት ነን" አለች እህትየዋ። "ሌላ ዘመድ የለንም።"

ሦስቱም ተያዩ። እህትየዋ የአልጋውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። "ሳትናገር ሊጨርሷት ነው" አለች በሹክሹክታ።

ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ፖሊስ አቆመና እህትየዋ ካላወቀችው በቀር ማንም እንዳይገባ አዘዘው።

* * *

የጸሐፊዋ ስልክ ላይ ከመውደቋ አንድ ቀን በፊት ስድስት ጊዜ የደወለ ሰው ነበር፤ የአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ። ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ቢሮው ገቡ። ሰውየው ጉዳዩን ሲሰማ ተነስቶ በሩን ራሱ ዘጋ።

"የግል ጉዳይ ነው" አለ።

"ሰው ተመትቶ ተኝቷል። የግል የሚባል ነገር አልቋል" አለው ኢንስፔክተሩ።

"ዓርብ መድረክ ላይ ንግግር አለኝ። የምትጽፍልኝ እሷ ናት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሁለት ዓመት ሆነ። ሰው ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ነህ ይለኛል።"

"ይህን ብታወራብዎትስ?"

"ጉድ እሆን ነበር። ግን አታወራም።"

"ሰኞ ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት የት ነበሩ?"

"ስብሰባ ላይ። አሥራ አንድ ሰው ምስክሬ ነው።"

ሳጅኗ ወጥታ ጠየቀችና ሳቋን እየዋጠች ተመለሰች። እውነት ነው። ጽሑፉ ስላልደረሰለት ሥራ አስኪያጁ ያን ዕለት ከራሱ አመንጭቶ ሃምሳ ደቂቃ ተናግሯል፤ መከራውን ስላዩ አንዱም ሠራተኛ አልረሳውም።

ሊወጡ ሲሉ ሰውየው ኮቱን እያስተካከለ "ለመሆኑ ንግግሩን ጨርሳው ነበር?" አለ። ኢንስፔክተሩ ትክ ብሎ አየው። ሰውየው አፈር አለ፤ ሐፍረቱን ለመሸፈንም ሌላ ወሬ አመጣ።

"ይልቅ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በዚህ በጠረጴዛው ስልክ ደውላ የአንድ ልጅ ስም ጠርታ 'እናንተ ጋ ነው ወይ የሚሠራው?' አለችኝ። ይህን ቁጥር የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከየት አመጣችው?"

"ስሙን ያስታውሱታል?"

"ተሳስተዋል ብዬ ዘጋሁት። አልያዝኩትም።"

ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሳጅኗ ቆመች። "አለቃ፣ ደብተሩ ያለው ሴትየዋ ጋ ነው። ቁጥሮቹን እየተከተለች ትደውላለች። ሆስፒታል የደወለችውም እሷው ናት።"

"አንድ ወንድ ትፈልጋለች ማለት ነው።"

"ቅናት ነው" አለች ሳጅኗ እርግጠኛ ሆና። "ባሏ ጠፍቶባታል። ጸሐፊዋ ጋ ነው ብላ ጠርጥራለች። ሄዳ ጠየቀች፣ ተጣሉ፣ ገፈተረቻት።"

ነገሩ ልክ ይመስል ነበር። ድረ ገጹን በስልኳ ከፈተችና ዳማ ሸሚዝ የለበሰውን ወጣት አሳየችው። ከሦስቱ ሴት የምትቀናበት እሱ ነው፤ ትዳርም አለኝ ይላል። ኢንስፔክተሩ ፎቶውን ሁለት ጣቶቹን ከፈት አድርጎ አጎላው። ግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። የሆነ ነገር ውስጥ ውስጡን በላው፤ ምን እንደሆነ ግን ሊይዘው አልቻለም።

"ፈልጉት" አለ። "ሴትየዋ ሳትቀድመን።"

* * *

እስከ ማታ የተጠየቀ ሰው ሁሉ ወጣቱን አላውቀውም አለ። ስሙ አልተጻፈም። ከላፕቶፑ ውስጥም ለሱ የተሠራ ማመልከቻ አልተገኘም፤ ለባለ መነጽሯ ሴትም፣ ለሸበቶው ነጋዴም እንዲሁ። ሦስቱን የረኩ ደንበኞች ውሃ በልቷቸዋል። የስልክ ድርጅቱ ደግሞ የምትደውለውን ሴት ቁጥር አጣርቶ ለመስጠት አንድ ሳምንት ይፈጅብኛል አለ።

የቀረው ገልባጩ ነው። ረቡዕ ጠዋት የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ አገኙት። ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ ሰው ነው። ሰኞ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ በስም መቆጣጠሪያው አረጋገጡ።

"ገልብጫለሁ፣ አልክድም" አለ። "ግን አልመታኋትም።"

ኢንስፔክተሩ የወጣቱን ፎቶ ፊቱ ላይ ዘረጋ። "ይህን ሰው ታውቀዋለህ?"

ገልባጩ ፎቶውን አየና ፈገግ አለ። "እናንተ ይህን ሰው እየፈለጋችሁ ነው?"

"ምን ያስቃል?"

"ወንድሜ፣ ደንበኛ ያጣ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚጽፈው ደንበኛውን ነው። እኔም ጽፌያለሁ። የምታውቃቸው ሁሉ ጽፈዋል። 'ድንቅ ነሽ፣ ተባረኪ፣ ሕይወቴን ቀየርሽው' ብላ ለራሷ ትጽፋለች፣ ፎቶ ትለጥፋለች፣ አለቀ። በኋላ እውነተኛ ደንበኛ ሲመጣ አወርደዋለሁ ትላለች። ማን ያወርደዋል?"

"ፎቶውስ? ፊቱ የሰው ፊት ነው።"

"እኔ ከውጭ አገር ድረ ገጽ ነው የወሰድኩት። እሷ ከየት እንዳመጣችው እሷን ጠይቃት" አለና ከንግግሩ በኋላ ጸሐፊዋ ያለችበት ሁኔታ ትዝ ብሎት ጥፍሩን መብላት ጀመረ።

ኢንስፔክተሩ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። አስተያየቱ ውሸት ከሆነ፣ ፎቶው ግን የእውነት ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው የሚያውቀው ሰው አለው። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ድረ ገጹን ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ ስቱዲዮ ደግሞ ከጸሐፊዋ ክፍል ሥር አለ። ሳጅኗ መኪናውን እያበረረች ወደ አሮጌው ሕንፃ ወሰደችው።

* * *

ፎቶ አንሺው ሽማግሌ የስቱዲዮውን መሳቢያ ሲስቡ ከመቶ የሚበልጡ ትናንሽ ፖስታዎች ተዘረገፉ።

"ተነስተው ሳይወስዷቸው የቀሩ ናቸው" አሉ። "መጣል ሆዴ አይችልም። ሰው ፊቱን ከነገ ወዲያ እወስዳለሁ ብሎ ይሄድና ይቀራል።"

"ለጸሐፊዋ ሰጥተዋታል?"

ሽማግሌው ሽራፊ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ዳሰሱ። "የሦስት ሰው ሰጠኋት፤ በስልኳ አንስታ መለሰችልኝ። ራሷ ናት የመረጠችው። ባለቤቶቹ አይመለሱ፣ ማን ይጎዳል ብዬ ነው። ስህተት ነው እንዴ?"

ኢንስፔክተሩ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመረ። የወጣቱን ፖስታ ሲያገኘው ውስጡ አራት ጉርድ ፎቶ ነበር። ጀርባው ላይ በሽማግሌው የእጅ ጽሑፍ የተነሳበት ቀን፣ ከሦስት ዓመት በፊት፤ ከቀኑ ሥር ደግሞ የልጁ ስም።

ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"አለቃ?" አለች ሳጅኗ።

"ሰኞ ዘግይተውም ቢሆን የሰኞዋ እናት መጥተው ነበር?"

"አልመጡም። ምነው?"

ከስቱዲዮው እስከ ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። መኪናውን ሳይጠብቅ ሮጠ። የጠፉ ሰዎች መዝገብ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ ከፍቶ አቧራ ከለበሱት አቃፊዎች መካከል አንዱን መዘዘ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የራሱ ፊርማ ነው። ከአንድ የቡድን ፎቶ ላይ የተቆረጠ የጎረምሳ ፊት ተለጥፏል፤ በጣም ልጅ፣ ፊቱ የሞላ። ከሥሩ በራሱ እጅ "መለያ ምልክት፦ ግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳ" ብሎ ጽፏል። እናትየዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ የሚጠይቁት ልጅ ይኸው ነው። ኢንስፔክተሩ ሁለት ቀን ሙሉ የዚህን ልጅ ፊት በኪሱ ይዞ ከተማውን ሲዞር ነበር፤ አላወቀውም።

ስልኩን አንስቶ ሆስፒታል ደወለ። "ያቺ የምትደውለው ሴት ዛሬ ደውላለች?"

"ኧረ ዛሬ አልደወለችም" አለች ነርሷ። "ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ዝም ብላለች።"

እናትየዋ ያልደወሉት መደወል ስላላስፈለጋቸው ነው። እዚያው ናቸው።

* * *

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ኢንስፔክተሩ ሲሮጥ ሲመጣ ደንግጦ ሰላምታ ሰጠ።

"ማን አለ ውስጥ?"

"አንዲት እናት ናቸው ጌታዬ። እህትየዋ መድኃኒት ልትገዛ ስትወርድ 'እማማ ይጠብቁልኝ' ብላ ራሷ አስገባቻቸው። ከትናንት ጀምሮ አብረው አግዳሚው ላይ ነው የዋሉት። የሌላ በሽተኛ እናት ናቸው ብላለች።"

በሩን በዝግታ ከፈተው።

ሴትየዋ አልጋው ጎን ተቀምጠዋል። ነጠላ ጨርቅ በውሃ እየነከሩ የጸሐፊዋን የደረቀ ከንፈር ያርሳሉ። ሰማያዊው ደብተር ጉልበታቸው ላይ ነው። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ይናገሯታል፤ ድምፃቸው ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ነው።

"የት እንዳለ ብቻ ንገሪኝና ተመልሰሽ ትተኛለሽ። አልቆጣውም። ለምን አልደወልክም አልለውም። ማግባቱንም ሰምቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል በይው።"

"እማማ" አላቸው ኢንስፔክተሩ።

ቀና ብለው አዩት። አልደነገጡም፤ የደከማቸው ይመስላሉ። "መጣህ ልጄ? ነገ እኮ ትነቃለች አሉ።"

"ከአልጋው ራቅ ይበሉ እማማ።"

"ልገድላት መሰለህ?" አሉ በመገረም። "ከእህቷ ይልቅ እንድትነቃ የምፈልገው እኔ ነኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩት። የጎረቤታቸው ልጅ ማመልከቻ የሚጽፍላት ሰው ስትፈልግ ያንን ድረ ገጽ ከፈተች። እሳቸው በትከሻዋ በኩል አዩ። ልጃቸው ይስቃል። ሥራም ትዳርም አለኝ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅሱና ሲስቁ አደሩ።

"ሰኞ ወደ ናንተ ልመጣ ወጣሁና መንገድ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። እናንተ ጋ ምን አደርጋለሁ? እሷ ጋ ሄድኩ። ተቀበለችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ፎቶውን አሳየኋት። ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለ። 'ልጁን አላውቀውም እማማ፣ እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት' አለችኝ። ታዲያ ፊቱን ከየት አመጣችው? ልጄ አትንገሪብኝ ብሏት የምትደብቀው መሰለኝ። ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት፣ ንገሪኝ እያልኩ። እግሯ ወንበሩ ላይ ተጠላለፈና ወደኋላ ሄደች።" እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩዋቸው። "ደብተሩን ይዤ ወጣሁ። ሰዎች ሲመጡ ሰምቻለሁ፣ ያነሷታል አልኩ። አርባ ሦስት ሰው ጋ ደወልኩ። ማንም አያውቀውም።"

"እውነቷን ነው እማማ። እሷ አታውቀውም። ፎቶውን ከታች ካለው ስቱዲዮ ነው የወሰደችው።"

"አንተም ከሷ ጋ ሆንክ?" አሉት። "አንተማ ሦስት ዓመት 'አዲስ ነገር የለም' ስትለኝ ኖረሃል። አንተን አላምንህም። ከሷ አፍ ልስማው።"

በዚህ መሃል እህትየዋ መድኃኒት ይዛ ከደረጃው ብቅ አለች። ነገሩ ሲነገራት የያዘችው ከእጇ ወደቀ። ሁለት ቀን እንጀራዋን ያካፈለቻቸውን ሴት ቆማ አየቻቸው፤ መሳደብ ፈለገች፣ አልሆነላትም፣ ገብታ በሩን ዘጋች። ሴትየዋ ያን ዕለት ጣቢያ ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ጸሐፊዋ ነቃች። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ እህትየዋ እጇን ይዛ እያለቀሰች ነበር። የጸሐፊዋ ድምፅ ሰልሏል፤ አንድ አንድ ቃል እየለቀመች ነው የምትናገረው። ሰኞ የሆነውን ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"እናትየዋን... አምጡልኝ።"

"እብደት ነው" አለች እህትየዋ። "ልትገድልሽ ነበር እኮ።"

"አምጡልኝ። አልጨረስኩም።"

ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ፈቀደ። ሴትየዋ በሳጅኗ ታጅበው ገቡና አልጋው እግር ሥር ቆሙ። መቀመጥ አልፈለጉም።

"እማማ" አለች ጸሐፊዋ። "ልጅዎን አላውቀውም። አይቼው አላውቅም። ከብዙ ፎቶ መርጬ ነው።"

"ለምን እሱን?"

"ፊቱ ደስ ይላል።"

ሴትየዋ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። "አዎ፣ ደስ ይላል።" ቀጥለውም "ሥራ ማግኘቱስ?" አሉ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ማግባቱንም?"

"እሱንም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።" እንባዋ በጎን በኩል ወደ ፋሻው ፈሰሰ።

ሴትየዋ ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም። "ጎበዝ ጸሐፊ ነሽ" አሉ። "እኔ እናቱ እንኳ አመንኩሽ። እኔም ይቅር በይኝ።" ከዚያ ዞር ብለው ወጡ። ሳጅኗ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ኢንስፔክተሩ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባቸው። ዝም ሊል ይችል ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው የለም። ፖስታውን ከኪሱ አወጣ።

"እማማ፣ አንድ ነገር አለ። ልጅዎ ይህን ፎቶ የተነሳው ከቤት በወጣ በአርባ አንደኛው ቀን ነው። ቀኑ እዚህ ላይ ተጽፏል።"

ሴትየዋ ቆሙ። ፖስታውን ተቀብለው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አወጧቸው። "አራት ነው ያዘዘው" አሉ። "አራት የሚጠየቀው ለሥራ ነው።" ከዚያ ቀና አሉ። "ስቱዲዮው የት ነው ያልከኝ?"

"ከጣቢያችን አሥር ደቂቃ ነው።"

"እዚሁ ነበር ማለት ነዋ። አንተ ጋ እየመጣሁ ስጠይቅህ እሱ እዚሁ ነበር።"

"አዎ።"

"ያኔ መልኩን ይዘህ በየስቱዲዮው፣ በየቀጣሪው ሄደህ ጠይቀሃል?"

"አልጠየቅኩም። መዝገቡን አስቀመጥኩት።"

"ብትጠይቅ ታገኘው ነበር?"

ማጽናኛ የሚሆን መልስ ነበረው። በሃያ አራት የፖሊስነት ዓመቱ ውስጥ ስንቱን እናት በዚያ መልስ እንደሸኘ አያውቅም። "ሳላገኘው አልቀርም ነበር እማማ" አላቸው።

ሴትየዋ ፎቶዎቹን ወደ ፖስታው መለሱ። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። "እኔ ያጠፋሁትን ትናንት ተናግሬ ፈርሜያለሁ" አሉት። "አንተ የት ሄደህ ነው የምትናገረው?"

ሳጅኗ ወደ መኪናው ይዛቸው ወረደች። ኢንስፔክተሩ ጣቢያ ገብቶ ቢሮውን ዘጋና የምርመራውን ሪፖርት አወጣ። ሳጅኗ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ገጽ "ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ" ብሎ ይጀምራል። ያንን ገጽ ለይቶ አስቀመጠና በአዲስ ወረቀት ላይ ከሦስት ዓመት በፊት እናትየዋ መጀመሪያ ያመለከቱበትን ቀን ጻፈ። ከቀኑ ቀጥሎ፣ የተጠርጣሪ ስም ከሚገባበት መስመር በላይ፣ የራሱን ሙሉ ስምና ማዕረግ ጻፈ፤ ቀጥሎም ያን ዕለት ምን ማድረግ ሲገባው ምን ሳያደርግ እንደቀረ መዘርዘር ጀመረ።